ስለ መኪና ትኩሳት

ትኩሳት የበሽታ ስም እንዳይደለ ሐኪሞች ሁሉ ይናገራሉ። ወባ ያተኩሳል፤ ታይፎይድ ያተኩሳል፤ የሳንባ ምችም ያተኩሳል። ስለዚህ ዐዋቂ ሐኪም የሕመምተኛውን ግንባር በመዳሰስ ብቻ መድኃኒት አያዝም፤ «መቼ ጀመረህ? በጠዋት ይብስብሃል ወይስ በማታ? ያንቀጠቅጥሃልን?» እያለ ይጠይቃል። መኪና የሚጠግኑ ሰዎች ግን ሁልጊዜ እንዲህ አያደርጉም። ሞተር ሞቀ ሲባል የሰሙ እንደ ሆነ አንዳንዶቹ ወዲያው «ቴስታታው ሄዷል» ይላሉ። ቴስታታ ማለት የሞተሩ ራስ ነው፤ እርሱ የሄደ እንደ ሆነ የባለቤቱም ገንዘብ አብሮ ይሄዳል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በ2011 ዓ.ም. በቤተ ዘመዳችን የደረሰ ጉዳይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከዚህ ዓለም ሲለይ ለባለቤቱና ለአራት ልጆቹ የተወላቸው ንብረት በደብረ ማርቆስ ከተማ ያለች አንዲት የጭቃ ቤትና አንዲት ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክ አፕ ነበር። መኪናይቱ 2779 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ፥ አራት ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተር አላት። ታላቁ ልጅ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ጤፍና ማር ወደ አዲስ አበባ ይወስድባት ነበር፤ ሲመለስም ሳሙናና ዘይት ይጭንባታል። የሦስቱ ታናናሾች የትምህርት ወጪ፥ የቤቱ ቀለብ፥ የእናታቸውም የስኳር ሕመም መድኃኒት ሳይቀር የሚገኘው ከዚህችው መኪና ነበር።

በጥር ወር መኪናይቱ የዓባይን ድልድይ ተሻግራ ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጣ ውሃዋ ፈላ። ልጁ ቆሞ አቀዝቅዞ፥ ውሃም ጨምሮ መንገዱን ጨረሰ። በሳምንቱ ያው ነገር ተደገመ። በሦስተኛው ጊዜ ግን እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር እንደ ምድጃ ጭስ ሲትጎለጎል ጊዜ፥ ጤፋቸውን የጫኑት ነጋዴዎች ተስፋ ቆርጠው ጭነታቸውን በሌላ መኪና አዛውረው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ወደ አንድ ጋራዥ ተወሰደች። የጋራዡ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ፥ የተረጨውን የዛገ ውሃ አይቶ፥ አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈታ «ቴስታታው ተሰንጥቋል፤ ይለወጥ» አለ። የጠየቀው ዋጋ የወንድሜ ባለቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቁብ ጥለው ካጠራቀሙት የሚበልጥ ነበር። ይህንንም በነገሩት ጊዜ «እንግዲያውስ እንዳለች ይሽጧት፤ ገዢ እኔ አመጣልዎታለሁ» አላቸው። ስለዚህ ሰው ሐሳብ መፍረድ አልፈልግም፤ ነገር ግን ሕመሙን የሚናገረውና ገዢ የሚፈልገው አንድ ሰው መሆኑ ደስ አላሰኘኝም።

ማታ ወደ ቤቴ መጥተው «ወንድም ዓለም፥ አንተ ለተማሪዎች ስለ ሙቀት ታስተምራለህ። ይህች መኪና በእውነት ሞታለችን? ሞታ እንደ ሆነ እሸጣታለሁ፤ ልጆቹን ግን በምን አሳድጋቸዋለሁ?» አሉኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በሠፈራችን ከባድ መኪና ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ አሉና «እትዬ፥ ሦስት ቀን ይስጡን፤ እስከዚያ ድረስ ለማንም ቃል አይግቡ» ብዬ ሸኘኋቸው።

እዚህ ላይ የናፍጣ ሞተር ለምን እንደሚሞቅ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ይህን ዓይነት ሞተር የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ ውስጥ የተወለደው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ሞተሩ በሚገባ እንደሚሠራ አስመሰከረ። በቤንዚን ሞተር ውስጥ እሳቱን የሚጭረው ካንዴላ ነው። በናፍጣው ሞተር ግን ካንዴላ የለም፤ አየሩ በፒስተን ክፉኛ ተጨምቆ ራሱ ይግላል፥ ናፍጣውም በተረጨ ጊዜ በዚያ ግለት ይያያዛል። ከተቃጠለው ናፍጣ ኀይል ውስጥ ወደ ሥራ የሚለወጠው ሲሦው ያህል ብቻ ነው፤ ሌላው ሲሦ ከጭሱ ጋር ወደ ውጭ ይወጣል፤ የቀረውን ሲሦ ያህል ውሃው ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ማድረስ አለበት።

ይህ ሸክም ምን ያህል እንደሚከብድ ተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ እንዲያሰሉት አድርጌአለሁ። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጋው አፋፍ ያለው ከፍታ፥ በዚህም በኩል ሆነ በዚያ፥ 1300 ሜትር ያህል ነው እንበል። ከነጭነቷ 2500 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ይህን ለመውጣት የመሬትን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 32 ሚሊዮን ጁል ያህል ሥራ ትሠራለች። ሞተሩ የሠራውን ሥራ ያህል ሙቀት ለውሃው ይሰጣልና ይኸው ሙቀት 14 ሊትር የፈላ ውሃ ጨርሶ እንፋሎት ለማድረግ ይበቃል። በመኪናይቱ ውስጥ ያለው ውሃ ግን አሥር ሊትር ገደማ ነው። ሙቀቱን ወደ አየር የሚያባርሩት ራዲያተሩና ቬንቲላተሩ ሥራቸውን ቢያቆሙ፥ መኪናይቱ አቀበቱን ሳትጨርስ ውሃዋ አልቆ ትቀራለች ማለት ነው።

በደጋ አገር ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከዚያ ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በዓባይ ድልድይ አጠገብ በ96 ወይም በ97 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በደጀንና በጎሃ ጽዮን በ92 ይፈላል። እንግዲህ ሞተሩ እየጋለ በሚወጣበት በዚያው መንገድ የውሃው መፍያ ወደ ታች እየወረደ ይጠብቀዋል። ለዚህ መከላከያ ሆኖ የተሠራው፥ ብዙ ሰው ማሰሮ እንደሚከደንበት ያለ ተራ መክደኛ የሚመስለው፥ የራዲያተሩ ክዳን ነው። በውስጡ ያለው ሞላ በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት እስኪሆን ድረስ ውሃውን አፍኖ ይይዛል፤ ከዚህም የተነሣ በደጀን ከፍታ እንኳ ውሃው እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይታገሣል። የክዳኑ ጎማ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን ይህ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል፤ በክሩስኮቱ ላይ ያለው የሙቀት መርፌ ከቀዩ ሳይደርስ ውሃው ይገነፍላል።

በማግስቱ ሽማግሌው መጡ። መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት ልጁን ጠርተው አስቀመጡት።

«ልጄ፥ መቼ መቼ ነው የምትሞቅብህ?»

«አቀበት ላይ ነው፥ አባባ፤ ጭነት ሲኖር።»

«ከተማ ውስጥ ቆማ ሞተሯ ሲሠራስ?»

«አትሞቅም።»

«ሲፈላ መርፌዋ ቀዩ ላይ ደርሳ ነበር?»

«አልደረሰችም። ከግማሽ በላይ ነበረች እንጂ ቀዩን አልነካችም።»

«በሜዳ ስትሮጥስ?»

ልጁ ጥቂት አሰበና «እንዲያውም በሜዳ መርፌዋ ከታች አትነሣም። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ ታበዛለች፥ ናፍጣም ትጨርሳለች» አለ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉ።

በልጅነቴ በንባብ ቤት ሳለሁ፥ ተነሽና ወዳቂ፥ ሰያፍና ተጣይ የሚባለውን የአነባበብ ልዩነት ስንማር፥ በጽሕፈት አንድ የሆነው ቃል በድምፁ ማንሣትና መጣል ፍቺው ሲለወጥ እጅግ ይደንቀኝ ነበር። የሽማግሌው ጥያቄም እንዲሁ ነው። «ሞቀ» የሚለው ቃል አንድ ነው፤ ፍቺው ግን በጊዜውና በቦታው ይለያያል። ቆማ የምትሞቅ ስትሮጥ ግን የምትበርድ መኪና ቬንቲላተሯ ይመረመራል፤ በሩጫ ጊዜ ነፋሱ ራሱ ያቀዘቅዛታልና። በሜዳ በፍጥነት ስትሮጥም የምትሞቅ ከሆነች ራዲያተሩ ከውስጥ በዝገት ወይም ከውጭ በጭቃ የታፈነ ይሆናል። በብርድ ተነሥታ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቱቦዋ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ከሆነ፥ ያን ጊዜ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም ቴስታታው ራሱ ይጠረጠራል። በሜዳ የምትበርድ፥ በአቀበት ግን የምትቃጠል መኪና ሌላ ነገር ትናገራለች።

ምርመራው የተጀመረው ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ፍጹም በቀዘቀዘ ጊዜ ነው። ይህን ማንም አይርሳ፤ በጋለ ሞተር ላይ የራዲያተር ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱንና እጁን ያቃጥላል፤ ልጆችም ባሉበት ጨርሶ አይነካም። በመጀመሪያ ሽማግሌው ላይኛውን የጎማ ቱቦ ጨበጡት፤ ለስላሳ ነበር። የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው የሚገባ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ ግፊቱ አድሮም ቱቦውን ወጥሮ ይገኛል። ቀጥለው ክዳኑን ከፈቱ። ትርፍ ውሃ የሚጠራቀምበት የፕላስቲክ ዕቃ ሞልቶ ሳለ የራዲያተሩ ውሃ ከአንገቱ አራት ጣት ያህል ጎድሎ ነበር። ጤነኛ ክዳን በሙቀት ጊዜ የወጣውን ውሃ በብርድ ጊዜ መልሶ ይስባል፤ ይህ ግን አልሳበም። ገልብጠው ባሳዩኝ ጊዜ ጎማው ደርቆ በሁለት በኩል ተሰንጥቆ አየሁት።

ከዚህ በኋላ ውሃው ተሞልቶ፥ ክዳኑ ሳይገጠም፥ ሞተሩ ተነሣ። ሁላችንም በራዲያተሩ አፍ ላይ ዓይናችንን ተክለን ቆየን። የጓርኒሲዮን መበላሸት ቢኖር አረፋ እየተከታተለ ይወጣ ነበር፤ የጭስም ሽታ ይሸት ነበር። አረፋ የለም፥ ሽታም የለም። የዘይቱም መለኪያ ዘንግ ተመዞ ታየ፤ ዘይቱ ጥቁር ነው እንጂ ወተት እንደ ገባበት ቡና አልሆነም። ነገር ግን ሽማግሌው አንድ ነገር በጣታቸው አመለከቱኝ። ሞተሩ ገና እንደ ተነሣ፥ በጠዋቱ ብርድ፥ ውሃው በራዲያተሩ ውስጥ ይፈስ ነበር። «መምህር፥ ይህ ውሃ አሁን መቆም ነበረበት፤ በር ጠባቂው የት ሄደ?» አሉኝ።

በር ጠባቂ ያሉት ቴርሞስታቱን ነው። ይህ ትንሽ ዕቃ በውስጡ ሰም አለው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፤ ውሃው 82 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ሰሙ እየቀለጠ ይነፋና በሩን ይከፍታል። ሁለት ብሎን ፈትተን ቤቱን ባየን ጊዜ ባዶ ነበር። ልጁም ያን ጊዜ አስታወሰ፤ ባለፈው ዓመት በሌላ ጋራዥ «ለቆላ መንገድ አይጠቅምም፤ ውሃውን ያግዳል» ተብሎ ወልቆ ተጥሎ ነበር።

ይህ ልማድ በአገራችን እጅግ የተስፋፋ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። በላይ በላዩ ሲያዩት ምክሩ ትክክል ይመስላል፤ በር ከሌለ ውሃው እንደ ልቡ ይፈሳል፥ እንደ ልቡ ከፈሰሰም ይበርዳል ይባላል። በሜዳ በእርግጥ ከመጠን በላይ ይበርዳል፤ የናፍጣ ሞተርም በብርድ ሲሠራ ናፍጣውን አጥርቶ አያቃጥልም፥ ይጨሳል፥ ይበላል። ነገር ግን በዚህ ሞተር ውስጥ ውሃ የሚዞርበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ በራዲያተሩ የሚያልፍ፥ ሁለተኛው ከሞተሩ ወጥቶ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስ አቋራጭ ነው። ቴርሞስታቱ ላይኛውን በር ሲከፍት በታቹ ያለው ሁለተኛው ክዳን አቋራጩን ይዘጋዋል። ቴርሞስታቱ የወለቀ እንደ ሆነ አቋራጩ ዘወትር ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ የጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። በሜዳ ይህ አይታወቅም፤ ሙሉ ጭነት ይዞ አቀበት በሚወጣበት ጊዜ ግን እያንዳንዱ ሊትር ውሃ ያስፈልጋልና ጉድለቱ ይገለጣል።

ሌላውን በአጭሩ ላውሳ። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ረገበ፤ ደኅና ነው። ቬንቲላተሩ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ሲያዞሩት እምቢ እያለ ዞረ፤ ይህም ደኅና ነው፤ ያለ ምንም ክልከላ እንደ እንዝርት የሚሾር ቢሆን ኖሮ በማያያዣው ውስጥ ያለው ወፍራም ፈሳሽ አልቋል ማለት ነበር። የራዲያተሩ ወንፊት ግን የጤፍ ገለባና የመንገድ አቧራ ተሞልቶ ነበርና ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት በቀስታ ውሃ እየለቀቅን አጠብነው።

አዲስ ቴርሞስታትና አዲስ ክዳን ተገዙ። ቴርሞስታቱ ሳይገጠም መፈተን ስላለበት በእትዬ ማዕድ ቤት ድስት ተጣደ፤ ከትምህርት ቤት ቴርሞሜትር አመጣሁ፤ ዕቃውም በክር ተንጠለጠለ። በ82 ዲግሪ መከፈት ጀመረ። መጽሐፉ በ95 ዲግሪ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር እንዲከፈት ያዝዛል፤ የእኛው ግን ድስቱ ተንተክትኮ ሳለ ከዚያ ጥቂት ጎድሎ ቆመ። ልጁ «ይሄም የተበላሸ ነው፤ እንመልሰው» ብሎ ተቆጣ። እትዬ ከምድጃው አጠገብ ሆነው «ቴርሞሜትሩ ስንት ይላል?» አሉ። «92 ይላል።» «እሳት ብትጨምርበትስ?» እንጨት ተጨመረ፤ ድስቱ ገነፈለ፤ ቴርሞሜትሩ ግን ከ92 አልተነቃነቀም። «እንግዲያው ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ የእኛ ውሃ 95 አይደርስም» አሉ። «እኔ መተማ ወንድሜ ዘንድ የከረምኩ ጊዜ ባቄላው ከዚህ ፈጥኖ ሲበስልልኝ ውሃው የተለየ መስሎኝ ነበር።» ይህን መልስ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ውስጥ ስንቱ እንደሚመልሰው አላውቅም።

ውሃውም ተለወጠ። የወንዝ ውሃ ዝገትና ጨው ያወርዳልና በተጣራ ውሃ የተበጠበጠ ኩላንት ገባ። ስለ ኩላንት ለእናቶች አንድ ቃል ልናገር፤ ብዙውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል፥ ሲቀምሱት የሚጣፍጥ መርዝ አለበት። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ የፈሰሰውም በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ልጅም ውሻም ይልሰዋልና።

ልጁም ስለ መንገድ የሚገባውን ምክር ተቀበለ። አቀበት ላይ በከባድ ማርሽ እየጎተቱ ሞተሩን ማስጨነቅ አይገባም፤ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር ፓምፑም ቬንቲላተሩም አብረው ይፈጥናሉ። መርፌዋ ከልማዷ ከፍ ስትል የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት ነው፤ ሰውን ያስጨንቃል፥ ለሞተሩ ግን እንደ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ነው። ከዚያ በኋላም ካልወረደች ደልዳላ ቦታ ቆሞ፥ ጎማ ሥር ድንጋይ አስገብቶ መጠበቅ ነው። በጋለ ደረቅ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ጤነኛውን ቴስታታ ይሰነጥቃል። ደግሞም መርፌዋ ከላይ ቆይታ በድንገት ወደ ታች ብትወድቅ ደስ አይበለው፤ ውሃው አልቆ መለኪያው በባዶ ቦታ ቀርቶ ይሆናልና ሞተሩን ወዲያው ያጥፋ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሽማግሌው ገና ልባቸው አላረፈም ነበር። «ትንሽ ስንጥቅ ቆሞ ሲፈተሽ ይደበቃል፤ የሚናገረው ጭነት ሲጫንበት ነው» አሉ። ስለዚህ የሰው ጤፍ ከምንጭን ብለን ሰባት ኩንታል አሸዋ በጆንያ ጫንን፤ ሦስታችንም ተሳፍረን ከደብረ ማርቆስ ተነሣን፤ እስከ ድልድዩ ወርደን ፊታችንን ወደ ደጀን መለስን። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ነበር፤ ሸለቆው እንደ ምጣድ ይፋጃል። ልጁ በየጊዜው ወደ መርፌዋ ስለሚመለከት ሽማግሌው «አንተ መንገድህን እይ፤ እርሷን እኛ እናያለን» ብለው ገሠጹት። ቀደም ሲል በቆመችበት ኩርባ ላይ ስንደርስ ማንም አልተናገረም። መርፌዋ ከግማሽ ጥቂት ከፍ ብላ ነበር፤ እዚያው ላይ ቆየች። ደጀን ገብተን ሞተሩ በቀስታ ጥቂት እንዲሠራ ከተውነው በኋላ አጠፋነው። በፕላስቲኩ ዕቃ ላይ በቀለም ካሠመርነው መሥመር ውሃው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነበር፤ ሲሞቅ መስፋፋቱ ነው።

ፍርዱ የተሰጠው በማግስቱ ጠዋት ነው። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ባትሪ ይዘው ከእኛ በፊት በግቢው ቆመው አገኘናቸው። ልጁ ተጎንብሶ መሥመሩን አየ፤ ክዳኑንም ከፍቶ የራዲያተሩን አንገት አየ።

«ጎድሏል?» አሉ።

«አልጎደለም፥ እናቴ። የወጣውን መልሶ ስቦታል።»

በዚያው ሳምንት የጋራዡ ሰው የላከው ገዢ ወደ ቤት መጥቶ ነበር። እትዬም ቡና አፍልተው፥ በወግ አስተናግደው፥ መኪናይቱ አዲስ አበባ እንደ ሄደች ነግረው ሸኙት።